ሐኪሙ «ወድቆ ያውቃል?» ሲልህ

አሰበ ተፈሪ፣ ዓርብ ነሐሴ 10 ቀን 1983 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ዓሊዩ፣

«ውድ» ያልኩህ ለወንድም የሚጻፍ ደብዳቤ በሌላ ቃል ሲጀመር አይቼ ስለማላውቅ ነው። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝና ለሚባረር ዘበኛ እንኳን «ከሰላምታ ጋር» ብዬ እጽፋለሁ፤ እጄ ልማዱን አይተውም። ከቃሉ ብዙ አትጠብቅ።

ለጤናህ እንደምን ነህ ብዬም አልጠይቅህም። ደህና መሆንህን ፋጤ ነግራኛለች። ወፍሯል፣ አዲስ ኮት ለብሷል፣ ሳቁ ከጫት ተራ ማዶ ይሰማል አለችኝ። አልሐምዱሊላህ። የእኛን ቤት ጤና ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ።

ነገሩ የመጣው ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ነው። ፋጤ እንደ ልማዷ ጫት ልትገዛ ሂርና ሄዳ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። የሰማችውን ሳትነግረኝ ቤቷ እንደማትገባ ታውቃለህ፤ ጎረቤትነታችን እንዲያ ነው። እኔ የልጄን የሙሜን ሸሚዝ ቁልፍ እየተከልኩ ደጃፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ገና ከሩቅ እየሳቀች መጣች።

«አቦ ረዲያ! ጀግና ወንድም ኖሮሽ ነው ይሄን ሁሉ ዘመን የደበቅሽን?»

«የትኛው ጀግና?» አልኳት።

«ዓሊዩ ነዋ! ወላሂ የዘይኑዲን ሰርግ ላይ ሰዉን ሁሉ አፍ አስከፈተው። በሰባ ዓመተ ምሕረት እሱና ባልሽ መስዑድ ሚኤሶ ገበያ ላይ ታፍሰው፣ ለሚሊሺያ በኤንትሬ መኪና ተጭነው ሲሄዱ፣ ከአርበረከቴ ወዲያ ዳገቱ ላይ መኪናው ሲያዘግም ዘለሉ አይደል እንዴ! ተኩሰው ሳቷቸው። መስዑድ ድንጋይ ላይ በአንገቱ ተተከለ፣ ሞተ ብዬ ተሸክሜው ገደል ገባሁ አለ። የግራ እጁ የሞተው ያኔ ነው አለ። አንቺ ይሄን አታውቂም?»

ይህን ስትል አንገቷን ወደ ቀኝ ሰብራ፣ የግራ ትከሻዋን ወደ ታች ጥላ አሳየችኝ። አንተ እንዳሳየሃቸው መሆኑ ነው። ሰዉ አጨበጨበ አለች፤ አንድ ሽማግሌም ቆመው መረቁህ። መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰክቼ «እስቲ ድገሚልኝ» አልኳት። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። በሦስተኛው ሳቋ ጠፋ፤ ፊቴን አይታ ይሆናል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ። ደርግ በግንቦት ሄደ፣ አንተ በሐምሌ ጮህክ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባልም ሰምቻለሁ፤ ያንተን ሆድ ለመክፈት ግን ብቅልም አላስፈለገ፣ አንድ እስር ጫትና የሚያጨበጭብ ሰው በቃ። ጩኸው፣ እኔ መጮህህ አይደለም የሚያንገበግበኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ተኩል ከዚህ ሁሉ ወሬ አንዲቱን ቃል፣ አንዲቱን ብቻ፣ በአንድ ሐኪም ፊት መናገር አቅቶህ ነበር።

ቆይ፣ በተራው ልሂድ። ስናደድ ነገር ይደራረብብኛል።

መስዑድን ያመጣህልኝ በ72 ነው። አባታችን በሕይወት ስላልነበረ ኒካህ ሲታሰር በእሱ ቦታ ወሊዬ ሆነህ የቆምከው አንተ ነህ። አፍንጫህን እየጠረግኩ ያሳደግኩህ ልጅ ለባል ስትሰጠኝ ሳቄ መጥቶ እንደነበር አስታውሳለሁ። «ሰውዬው ወርቅ ነው» አልከኝ። «ግራ እጁን ብቻ በልጅነቱ ልምሻ መትቶታል።» የሚኤሶ ሰው ነው፣ ልጅ ሆኖ አላየሁትም፤ አመንኩህ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን የቀጠነ ክንድ በሰሊጥ ዘይት አሽቻለሁ። ልምሻ ነው ብዬ ነው የማሸው።

ለዚህኛው ውሸት አልከስህም። መስዑድ ራሱም ዋሽቶኛል። ከዘማች መኪና ዘሎ የጠፋ ሰው ምን ይደረግ እንደነበር አውቃለሁ፤ የእነ በክሪ ልጅ እንዴት እንደቀረ አይቻለሁ። ቀበሌው «በልምሻ ምክንያት ለውትድርና የማይበቃ» የሚል ወረቀት ሰጥቶት፣ በየአፈሳው ያንን እያሳየ ነው የኖረው። እኔም ብሆን ለቀበሌ እዋሽ ነበር፤ በሁለት እጄ።

አሁን ወደ ጆሮው ልምጣ። መስዑድ መስማት እየቀረበት የጀመረው መቼ እንደሆነ አንተ ታውቅ ነበር፣ እኔ ሚስቱ አላውቅም ነበር። ከ77 ጀምሮ ነው። ሚስት ሆና እንዴት አታውቅም የሚል ካለ አብራችሁ የምትደልሉበትን የሚኤሶን ከብት ተራ አላየም። እዚያ ደላላና ገዢ መቼ ይነጋገራሉ? ቀኝ እጃቸውን ፎጣ ስር ያስገባሉ፣ ጣት ለጣት ይጨባበጣሉ። አንዱ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሌላው ጣቱን ይለውጣል፣ ዙሪያውን የቆመው ሰው አንድ ቃል ሳይሰማ በሬው ባለቤት ቀይሮ ይሄዳል። ለዚህ ሥራ ጆሮ አያስፈልግም። መስዑድ ሰው ሲጠራው የማይዞር ሲሆን እጅጌውን የምትጎትተው አንተ ነበርክ። ደንቆሮ ደላላ ከተባለ ሁለታችሁም ገበያችሁ እንደሚበላሽ ገብቶህ ነው። ቤት ሲመጣ ደግሞ ድሮም ዝምተኛ ነው። «ምን ሆኖ ነው የማይመልስልኝ?» ስልህ «አቦ አትጨቅጭቂው፣ ዋጋ እያሰበ ነው» ትለኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ዋጋ ሲያስብ ኖረልህ።

አንድ ቀን ኩራዝ ተደፍቶ ላምባው ገንፎ ውስጥ ገባ። ልጃችን ኩብራ አንድ ጊዜ ጎርሳ ተፋችው። እሱ ግን ሳህኑ የታጠበ እስኪመስል ጠርጎ በላው። «አይሸትህም እንዴ?» ብዬ አፍንጫዬን ይዤ ስጠይቀው «ደህና ነው» አለኝ። የተጣላኝ መሰለኝ፤ ተናድጄ ሳህኑን ነጠቅኩት። አፍንጫውም እንደሄደ ማን ይጠረጥራል? «አባዬ አይሰማም» ያለችኝ መጀመሪያ ኩብራ ናት፤ አምስት ዓመቷ ነበር። ዝም በይ አልኳት።

በ79 እግሩ ተበላሸ። ያን ጊዜ ነው ይጠጣል የሚለው ወሬ የተነሣው። አንድ ቀትር ላይ ከሚኤሶ መኪና ወርዶ እግሩን ሰፋ ሰፋ እያደረገ፣ አጥር እየተደገፈ መጣ። መንገድ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። በር ላይ አስቆምኩትና አፉን አሸተትኩት። አዎ፣ እኔ ነኝ፤ የሱብሂ ሶላት አሳልፎ የማያውቀውን ሰው አፉን አሸተትኩት። ምንም አልሸተተኝም። ግን የገዛ አፍንጫዬን ትቼ የመንገዱን ሰው አመንኩ። ሦስት ሳምንት አኮረፍኩት። ማኩረፌን ሳያውቅ ሦስቱ ሳምንት አለቀ፤ ያኔም አልገባኝም።

ይህን የምነግርህ እኔ ንጹሕ ነኝ ብዬ እንዳልተነሣሁ እንድታውቅ ነው። የእኔን በደል እሱ ፊት ቆሜ፣ በወረቀት ጽፌ፣ ይቅር በለኝ ብያለሁ። ያንተስ?

የገባኝ ውዱእ ሲያደርግ ነው። ቆሞ እጁን ታጠበ፣ አፉን ተጉመጠመጠ። ፊቱን ሊታጠብ ዓይኑን ሲጨፍን እንደ ተገፋ ሰው ወደ ኋላ ሄዶ ተዘረረ። አነሣሁት። ዓይኑን ገልጦ ይቆማል፤ እንደገና ሲጨፍን ይወድቃል። መስጊድ ውስጥም ምሰሶ አጠገብ ካልሆነ አይሰግድም እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። ሰካራም ዓይኑን ሲጨፍን ብቻ አይወድቅም ብዬ አሰብኩና ሐኪም ቤት መሄድ አለበት አልኩ። ያኔ ግን ሙሜን ልወልድ ቀኔ ደርሶ ነበር። ወለድኩ፤ አራስ ቤት ተኛሁ። ሙሜ በተወለደ በዐሥራ ስምንተኛው ቀን፣ በጥር 1980፣ እኔ አርባ ቀኔን ሳልወጣ አንተ ይዘኸው ሄድክ። «እኔ እያለሁ ምን ታስቢያለሽ?» አልከኝ። እጅህን ስሜ መረቅኩህ።

ከሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ «የሳንባ ነቀርሳ ዘር ነው፣ ወደ ራስ የሚወጣ ዓይነት፤ መርፌ ታዞለታል» አልከኝ። ሁለት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ፣ አንድም ሳይጓደል ተወጋ። አርባ ቀኔ ካለቀ በኋላ ያመላለስኩት እኔ ነኝ፤ ሙሜን በጀርባዬ አዝዬ፣ እሱን በክንዴ ደግፌ። ሲጀምር በቀኝ ጆሮው ተጠግቼ ጮክ ካልኩ ይሰማኝ ነበር። ሙሜ ሲያለቅስ ዞር ይል ነበር። መርፌው ሲያልቅ ቀኙም አለቀ። ሙሜ አሁን ሦስት ዓመት ተኩል ሆኖታል፣ እንደ በቀቀን ይለፈልፋል። አባቱ አንድ ቃሉን ሰምቶ አያውቅም።

ይህ ሁሉ የአላህ ፈቃድ ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር፤ እስከ ባለፈው ሐሙስ ድረስ።

ፋጤ ከሄደች በኋላ ከትምህርት ቤት ደብተር አንድ ገጽ ቀደድኩ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ማታ ማታ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ስለሆንኩ መስዑድ ኦሮምኛውን ያነባል። «በሰባ ከመኪና ዘለህ በአንገትህ ወድቀህ ነበር?» ብዬ ጻፍኩለት። አንብቦ ቀና አለ። የሚክድ መስሎኝ ነበር። «አዎ» አለ፣ እንደ ደንቆሮ ሰው ጮክ ብሎ፤ ድምፁን አይቆጣጠረውም። «ስነቃ እጄ አልነበረም። ለአንቺ ያልነገርኩሽ እንዳትፈሪ ነው።» እኔም «ለሐኪሙስ ለምን አልነገርከውም?» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ሁለት እጁን፣ ደህናውንም የሞተውንም፣ ጭኑ ላይ አስቀመጠና «ኤኙቱ ነ ጋፈቴ?» አለኝ። ማን ጠየቀኝ?

ማን ጠየቀኝ! ዓሊዩ፣ እኔ ያን ቃል ከሰማሁ ወዲህ እህል ሲቀርብልኝ ለልጆቹ አሳልፌ እሰጣለሁ።

ሰኞ ያኔ መስዑድን ወዳየው ወደ ዶክተር በላይነህ ሄድኩ። እዚሁ አለ፣ አልተዛወረም፤ ፀጉሩ ብቻ ሸብቷል። ስነግረው ተነሥቶ ሄዶ ካርዱን ከካርድ ክፍል ራሱ ፈልጎ አመጣ። በእንግሊዝኛ ነው የጻፈው፤ ጣቱን እያስኬደ በአማርኛ አነበበልኝ። «መውደቅ ወይም መመታት፦ የለም። የግራ ክንድ፦ የልጅነት ልምሻ። መስማት ያቆመው፦ ከአንድ ወር ወዲህ።» ሦስት መስመር ነው። ሦስቱም ያንተ ናቸው።

ያን ቀን ከጀርባው በመርፌ ውሃ እንደቀዳለት አይተሃል። እንደ ምንጭ ውሃ መጥራት የነበረበት የሻይ መልክ ይዞ ወጣ። «መርፌዬ ደም ሥር ነክቶ እንደሆነ ብዬ በሦስት ብልቃጥ አከታትዬ ቀዳሁ» አለኝ ዶክተሩ። «የእኔ ጥፋት ቢሆን ሁለተኛውና ሦስተኛው እየጠራ ይሄዳል። ሦስቱም አንድ ሆኑብኝ። የቆየ ደም ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ የቆየ ደም ደግሞ ካለ አንድ ቀን የተቀደደ ነገር አለ። ለዚህ ነው ደጋግሜ የጠየቅኩት።»

ባየች የምትባለው ነርስም ያን ቀን እዚያው ነበረች፤ አስታውሳዋለች። እንዲህ ነው የሆነው ብለው ሁለቱ እየተቀባበሉ ነገሩኝ።

«ወድቆ ያውቃል?» አለህ።

«የለም» አልክ።

«አንገቱን ወይ ጀርባውን ተመትቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«መኪና፣ ዛፍ፣ ከብት፣ ምንም?»

«ወላሂ አያውቅም፣ ዶክተር።»

«እስቲ እሱን ጠይቅልኝ፤ እኔ ኦሮምኛ አልችልም።»

ባየች እንዳለችኝ ወደ መስዑድ ዞር እንኳን አላልክም። «ጠይቄዋለሁ፣ የለም ነው የሚለው» አልክ። መስዑድ በመሃላችሁ ተቀምጦ አንዴ ያንተን አፍ፣ አንዴ የዶክተሩን አፍ ያያል። ስለ ገዛ አንገቱ ሲጠየቅ አልሰማም። ያልሰማውን ደግሞ አንተ መለስክለት፣ በአላህ ስም ምለህ።

አንድ ነገር ልንገርህና ተቃጠል። ሐኪሙ «ከማን መኪና ዘለለ?» አላለህም። «ከዳተኛ ነው ወይ?» አላለህም። ወድቆ ያውቃል ወይ ነው ያለህ! መዋሸት ካማረህ ምናለበት ሌላ ውሸት ብትዋሽ? ከግመል ወደቀ በለው። ከዛፍ ወደቀ፣ ከጣራ ወደቀ፣ በሬ ወጋው በለው። ከሁለት ፊደል የማያልፍ ነገር፣ «አዎ» ብትል በቃ ነበር። አንተ ግን ልምሻ የምትለዋን ከመልመድህ ብዛት ለቀበሌ የምትዋሸውን ውሸት ሳታጎድል፣ ሳትጨምር ለሐኪም ሰጠኸው። ደላላ ነኝ ትላለህ፤ ምን ለማን እንደሚሸጥ አታውቅም።

ዶክተሩ በሽታውን ሲያስረዳኝ ጣራውን እያሳየኝ ነው። አንገት ውስጥ፣ የክንድ ነርቭ ከሰረሰር የሚነሣበት ቦታ፣ ሲወድቅ ተቀዷል። ያ ቀዳዳ አልሽርም ብሎ ቆርቆሮ ላይ ጠብ ጠብ እንደሚል ውሃ ለዓመታት ደም ያንጠባጥባል። ደሙ አንጎልንና ሰረሰርን በከበበው ውሃ ውስጥ ይቀልጥና ዝገቱ ይቀራል። ዝገቱ የመስሚያውን ነርቭ ይለብሰዋል፣ የማሽተቻውን ይለብሰዋል፣ ሚዛን የሚጠብቀውን የአንጎል ክፍል ይለብሰዋል። ሕመም የለውም፤ ለዚህ ነው ሰው የሚንቀው። «በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፣ በዓይኔ አይቼው አላውቅም፣ ብዙ ሐኪም ሳያየው ጡረታ ይወጣል» አለኝ። «ግን መውደቁን ሰምቼ ቢሆን፣ እጁ በአንድ ቀን የሞተ መሆኑን ሰምቼ ቢሆን፣ መስማት ካቆመ ሦስት ዓመቱ መሆኑን ሰምቼ ቢሆን፣ ሦስቱን ሳገጣጥም መጽሐፉ ትዝ ይለኝ ነበር። አዲስ አበባ ልኬው ያን ቀዳዳ ይፈልጉለት ነበር። ያኔ ገና በአንድ ጆሮው ይሰማ ነበር፣ በእግሩም ነው የመጣው።»

«መርፌውስ?» አልኩት።

ወደ መስኮቱ ዞረ። «ነቀርሳም ውሃውን ቢጫ ያደርገዋል። መውደቅ የለም ከተባልኩ በኋላ የቀረልኝ እሱ ነበር፤ ነቀርሳ ከሆነና ካልታከመ በወር ይገድላል። ያ መርፌ ጆሮ እንደሚነካ እናውቃለን፤ ከሞት ይሻላል ብለን ነው የምንሰጠው» አለኝ። ሰውዬው ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ፣ እኔን! ይቅርታ የጠየቀኝ ያልዋሸው ሰው ነው።

እና ዓሊዩ፣ የቀረችውን የቀኝ ጆሮውን ከራሱ ያወጣው ያ መርፌ ነው። ወደ መርፌው የመራው ያንተ «ወላሂ» ነው። ስትተኛ አስበው።

ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ሳትለኝ ልመልስልህ። «በሐኪም ቤቱ ውስጥ ካድሬ ነበር» ትለኝ ይሆናል። ባየችን ጠየቅኳት፤ ከእሷና ከዶክተሩ በቀር ማንም አልነበረም፣ በሩም ዝግ ነበር። «ልጅ ነበርኩ» ትለኛለህ። በ70 ልጅ ነበርክ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመትህ ነው፣ እሺ። በ80 ግን የሁለት ልጆች አባት ነበርክ። «ለእሱ ብዬ ነው፣ ቢታወቅ እሱንም ይገሉት ነበር» ትለኛለህ። ይህችን እንዳትሞክራት። ለእሱ ብለህ ቢሆን ኖሮ መጥተህ ለእኔ በጆሮዬ ትነግረኝ ነበር። እኔ ማንን እከስ ነበር፣ ባሌን? ከራስ በላይ ነፋስ ብለህ ነው። እሱ ወደቀ ከተባለ ከየት ወደቀ ይባላል፤ ከዚያ አብሮት የዘለለው ማን ነው ይባላል፤ ፈራህ። መፍራትህ አያስጠይቅህም። ደርግ ከሄደ ወር፣ ሁለት ወር አለፈ። ፍርሃቱ ሲለቅህ መጀመሪያ የሮጥከው ወደ እኔ ቤት ወይም ወደ ሐኪም ቤት ነው? ወደ ሰርግ ቤት ነው የሮጥከው!

ራሴ መጥቼ ፊት ለፊት ያልነገርኩህ መስዑድን ጥዬ መሄድ ስለማልችል ነው፤ ከበር እስከ ሽንት ቤት እንኳን የሚሄደው ግድግዳ ይዞ ነው። ደግሞም እጄን አላምነውም። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልህ ፋጤ ናት። አታንብብላት፤ ታውቀዋለች።

አሁን የምፈልግብህን ስማ።

ጆሮው አይመለስም፣ ዶክተሩ ቁርጡን ነግሮኛል። አፍንጫውም አይመለስም። ነገር ግን ያ ቀዳዳ ዛሬም እያንጠባጠበ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ከጀርባው እንደገና ቀዳለት፤ ያው የሻይ መልክ ነው። ካልተዘጋ የቀረውን እግሩን ይወስዳል፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያሳጣዋል፣ መጨረሻ ላይ ልቡናውንም ይነካል። ከተዘጋ ግን ባለበት ሊቆም ይችላል። ሊቆም ይችላል፣ ይህንኑ ነው ያለኝ፣ ሌላ ተስፋ አልሰጠኝም። አዲስ አበባ የነርቭ ቀዶ ሕክምና የሚያውቅ ሐኪም አለ፤ ዶክተር በላይነህ ደብዳቤ ጽፎልናል። አንገቱ ውስጥ መድኃኒት ጨምረው በራጅ ያዩታል። ከመቅደዳቸው በፊት ግን የሚጠይቁት ነገር አለ፦ በየትኛው ጎኑ ወደቀ? ራሱን ስቶ ስንት ሰዓት ቆየ? እጁ ያኔውኑ ነው የሞተው ወይስ ውሎ አድሮ? ከአፍንጫው ወይ ከጆሮው ደም ወይ ውሃ ወጥቶ ነበር? መስዑድ መዝለሉን ያስታውሳል፣ መንቃቱን ያስታውሳል፤ መሃሉን አያውቅም። «ያየ ሰው አለ?» አለኝ ዶክተሩ። አለ አልኩት።

ሰርግ ላይ በትከሻህ ያሳየኸውን እዚያ ታሳያለህ። ሳታሳምር፣ ሳትጨምር፣ የተኩሱን ወሬ ትተህ።

መንገዱ ጥሩ አይደለም ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ በዚህ ሰሞን አንድ ቀን ክፍት ሁለት ቀን ዝግ ነው። እኛም የምንሄደው በዚያው መንገድ ነው። አውቶቡሱ ማክሰኞ ነሐሴ 14 ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ከመናኸሪያ ይነሣል። ሰኞ ከቀትር በፊት እዚህ ድረስ። ልጆቹን ፋጤ ትጠብቅልኛለች።

ይህን ልጽፍልህ መሆኑን ለመስዑድ በወረቀት አሳወቅኩት፤ «ከአንተ በኩል ምን ልበለው?» ብዬም ጠየቅኩት። ያለውን ሳልሰርቅ ላድርስልህ፣ አደራ ነው። «ሁለት ቀን በጀርባው ተሸክሞኛል በይው። በቀን ገደል ውስጥ ደብቆኝ፣ ውሃ በአፉ እያመጣ አጠጥቶኛል በይው። እሱ ባይኖር እዚያው ጅብ ይበላኝ ነበር። አልተቀየምኩትም በይው» አለኝ። ይህን ስሰማ አለቀስኩ፤ አልዋሽህም። ያን ሁለት ቀን የተሸከመውን ልጅ አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ሁለት ቀን ተሸክመህ ያዳንከውን ሰው በዐሥር ዓመቱ በአንዲት ቃል ወረወርከው።

እሱ ይቅር ብሎሃል። ስለ እሱ የተናገርከውን በጆሮው አልሰማውም፤ ይቅር ማለት ሳይቀለው አይቀርም። እኔ ግን ካርዱ ሲነበብ ሰምቻለሁ። ከእኔ ይቅርታ ከፈለግህ መንገዱ በአውቶቡሱ ነው፤ በሌላ በኩል አትምጣብኝ። ሽማግሌ አትላክ፣ በግ አትጎትት፣ ዘይኑዲንን አታስቸግር።

ማክሰኞ አውቶቡሱ እስኪነሣ ድረስ እህትህም የመስዑድ ሚስትም ነኝ። ሳትመጣ ከተነሣ የመስዑድ ሚስት ብቻ እሆናለሁ።

ረዲያ